ሱሉልታ ላይ እምቢ የሚለው አምስተኛ ማርሽ

«ካምቢዮው ሄዷል ብለውኛል» አሉ ሰውየው፣ ገና ከጋቢናው ሳይወርዱ። «ወርዶ ካልተፈታ መላ የለውም አሉ። እኔም ብሩን ከዚህም ከዚያም ሳቃርም ከረምኩ።»

መካኒኩ ለጊዜው ምንም አላለም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ጎንበስ ብሎ የፒካፑን ሆድ አየ። የሚንጠባጠብ ዘይት የለም። ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ የሰው ፍርድ ይቆየን። መኪናው የሚያስቸግርዎ መቼ መቼ ነው?» አላቸው።

«ጠዋት ጠዋት። ከእንጦጦ ወዲያ። ሱሉልታ ሜዳው ላይ መንገዱ ለጥ ሲል አምስተኛው አልገባ ይላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ናፍታውን ይጠጣዋል።»

«ዓባይ በረሃስ?»

«ዓባይ በረሃማ ምን ይወጣለታል! ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ደጀን እስክወጣ ምንም አይለኝም። ደጋው ላይ ስወጣ ነው፣ ያውም ብርድ ሲሆን፣ አንዳንዴ ተመልሶ የሚያምፅብኝ።»

ይህን ጊዜ መካኒኩ ፈገግ አለ። ውስጡ ያለቀ ካምቢዮ የሚጋለጠው ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል፣ ያም በሙቀት፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ጭነት ተሸክሞ። ክላቹ የተቃጠለ፣ የዘይት ፖምፓው የደከመ ወይም ቫልቩ የሚያሳልፍ ካምቢዮ እዚያ ዳገት ላይ ይንሸራተታል፣ ማርሽ ይለቃል፣ ሲብስም አልሄድም ብሎ ይቆማል። እዚያ ጤነኛ ሆኖ ብርድ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ካምቢዮ ሌላ ቦታ ፈልጉ እያለ ነው።

መኪናው ሃይሉክስ ነው። ሞተሩ ባለ 3.0 ሊትር ዲ-4ዲ፣ ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ። ባለቤቱ የእንስሳት መድኃኒት ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚያከፋፍሉ ሰው ናቸው፤ መኪናው ቆመ ማለት እንጀራቸው ቆመ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ይፈታ» ሲባል አይከራከርም፣ ይበደራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ናፍታ መኪና ያለው ሰው ያለውን አጥብቆ ቢይዝና ለጥገና የተጠየቀውን ቢከፍል አይፈረድበትም።

ግን ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት የሚጠየቅ ብዙ ነገር አለ። በማኑዋል መኪና ማርሽ የሚመርጠው ሹፌሩ ነው፤ ጥፋቱም የእሱ ነው። በአውቶማቲኩ ውሳኔው የሚመጣው ከኮምፒውተሩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያውቀው ሴንሰሮቹ የነገሩትን ብቻ ነው። ሹፌሩ የነዳጅ ፔዳሉን ምን ያህል ረገጠ? ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ በደቂቃ ስንት ዙር ይዞራል? የሚወጣውስ? ፍሬን ተይዟል ወይስ አልተያዘም? የካምቢዮው ዘይት ስንት ዲግሪ ደርሷል? የሞተሩ ውኃስ? ይህን ሁሉ አስልቶ ቫልቭ ቦዲው ላይ ላሉት ሶሌኖይዶች ኤሌክትሪክ ይልካል። ሶሌኖይዱ ጠባቧን የዘይት መንገድ ይከፍታል ወይም ይዘጋል፤ ዘይቱ ክላቹን ይጫነዋል፤ ክላቹ ሲይዝ ማርሹ ይቀየራል። ሹፌሩ የሚሰማው የመጨረሻዋን ቅጽበት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚወቅሰውም ከሁሉ በኋላ ያለውን ካምቢዮውን ነው።

በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ደግሞ ቶርክ ኮንቨርተሩ አለ። ዘይት በሞላበት የታሸገ ቤት ውስጥ ሁለት ባለ ክንፍ ክቦች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ የተገፋው ዘይት ሌላውን ያዞራል። አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቢቆም ሞተሩ የማይጠፋው በዚህ ነው። ዘይት ግን ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተው ሁሉ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱም የተከፈለበት ናፍታ ነው። ለዚህ መላ ተብሎ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ሁለቱን ክቦች አንድ ላይ ቆልፋ የምትይዝ ክላች ተጨምራለች። ሎክአፕ ትባላለች። ልብ ያለ ሹፌር እሷንም እንደ ተጨማሪ ማርሽ ይሰማታል፤ ከማርሹ ቅየራ በኋላ የሞተሩ ዙር አንዴ ደግሞ ቀስ ብሎ ዝቅ ይላል።

ናፍታ ሞተር በዚህ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ጉልበቱ በዝቅተኛ ዙር ስለሚመጣ ካምቢዮው ከቤንዚኑ ቀደም ብሎ ወደ ላይ እንዲቀይር ተደርጎ ይሠራል። ያ ጉልበት ግን የተርቦ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ተርቦው እስኪነቃ ሞተሩ ስስ አየር ይተነፍሳል፣ ይደክማል፤ ሹፌሩም አብዝቶ ይረግጣል። ኮምፒውተሩ ይህን ጉልበት እንደ መጠየቅ ቆጥሮ ማርሹን ያዘገየዋል። ከድሬዳዋ የወጣ ሹፌር አዲስ አበባ ሲገባ ካምቢዮዬ ሰነፈ ቢል ያሰነፈው አየሩ ሊሆን ይችላል። የተርቦው ቱቦ ሲቀደድ ወይም የአየር ፊልትሮው ሲደፈንም የሚሰማው ይኸው ነው፤ ማርሹ ዘግይቶና ገጭ ብሎ ይገባል፣ መካኒኩም ካምቢዮውን ያያል።

ሃይሉክሱ ሊፍት ላይ ወጣ። አዳዲሶቹ ቶዮታዎች ላይ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ አይገኝም፤ ከሥር ያለች አንዲት ብሎን ትፈታና ዘይቱ በቀዳዳዋ በኩል ሲንጠባጠብ ልኩ ይታወቃል። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ያለ ዕድሜው ለሚሞት ካምቢዮ ከዚህች ቀዳዳ በላይ የምጠረጥረው የለም። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። ቀዝቃዛ ሳለ እስኪፈስ ተሞልቶ የተዘጋው ሲሞቅ ከልክ ያልፋል፤ የሚሽከረከሩት ማርሾች ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል። መንገድ ውሎ ግሎ የመጣውን ወዲያው የለኩት ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል፤ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጠዋት ዲ ላይ ሲደረግ መኪናው ቆይቶ ነው የሚነቃነቀው። መለካት ያለበት መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ትክክለኛውን ቁጥር የየመኪናው መጽሐፍ ይናገራል። የዘይቱን ሙቀት በእጅ ዳብሶ ማወቅ አይቻልም፤ ስካነር ያስፈልጋል።

መካኒኩ በተቆረጠ ሃይላንድ ጥቂት ዘይት ተቀበለና ወደ ብርሃን አወጣው። ቀይ ነው፣ ትንሽ ጠቆር ብሏል። አሸተተው። የተቃጠለ ክላች ሽታ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም፤ ይህ አይሸትም። በሁለት ጣቱ መካከል ፈተገው፤ አይሻክርም። «ይህ ዘይት አርጅቷል እንጂ አልተቃጠለም» አለ፤ ጠርሙሷንም ባለቤቱ እንዲያዩት ጠርዝ ላይ አስቀመጠላቸው።

ባለቤቱ የቱ ዘይት እንደተሞላ አያውቁም። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ቶዮታ ለቆዩት አውቶማቲኮች ቲ-4 የተባለውን፣ ለኋለኞቹ ቀጠን ያለውን ደብልዩኤስ ያዝዛል፤ የፎርድ ሬንጀር ባለ 6 ማርሽ የሚፈልገው ሜርኮን ኤልቪን ነው። ሁሉም ቀይ ነው፤ ቀለሙ የተጨመረው የሚያፈሰው ዘይት የካምቢዮ መሆኑ እንዲለይ ነው። ገበያ ላይ «ለማንኛውም አውቶማቲክ ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠው ዘይት ለማንኛውም ያልታሰበ ነው ባይ ነኝ። ቀጭን ዘይት ለሚጠብቅ ሶሌኖይድ ወፍራም ከተሰጠው ማርሹ ይዘገያል፣ በተለይ ጠዋት።

ቀጥሎ ስካነሩ ተሰካ። ምንም ኮድ የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ ይሳሳታል። ኮድ ከሌለ «ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፣ እንግዲህ ሜካኒካል ነው» ተብሎ ካምቢዮ ይወርዳል። ኮድ ሲገኝም የተጻፈው እንደ ፍርድ ይነበባል። ፒ0741 ሎክአፑ እንደተጠበቀው አልያዘም ይላል፤ ክላቹ አልቆ ይሁን፣ ሶሌኖይዱ ደርቆ፣ ሽቦው ተልጦ ወይም ዘይቱ ቆሽሾ ይሁን አይናገርም። ፒ0700 ጭራሽ የሚለው «የካምቢዮው ኮምፒውተር ውስጥ የተመዘገበ ነገር አለ፣ እዚያ ሂዱ» ብቻ ነው፤ ርካሽ ስካነር ደግሞ እዚያ መግባት አይችልም። ፒ0717 እና ፒ0722 የመግቢያውና የመውጫው ዘንግ የፍጥነት ሴንሰሮች መልእክት መጥፋቱን ያመለክታሉ፤ ሴንሰሩ ሊሞት ይችላል፣ ሶኬቱ ውስጥ ውኃም ሊገባ ይችላል። ላቫጆ ቤት ሞተሩንና ሆዱን በከፍተኛ ግፊት ያሳጠቡ ዕለት ዳሽቦርዱ ላይ ማርሹ የት እንዳለ የምታሳየው መብራት ብትጠፋ፣ መኪናውም በአንድ ማርሽ ብቻ ልሂድ ቢል፣ መጀመሪያ ሶኬቶቹን ነቅሎ ማድረቅ ነው። ኮምፒውተሩ ግራ ሲገባው ካምቢዮውን ለማዳን አንድ ማርሽ ላይ ይቆልፈዋል።

ናፍታ ፒካፕ በብዛት በሚነዳባት አሜሪካ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2002 በተሠሩት፣ ባለ 5.9 ሊትር ከሚንስ ሞተር ዶጅ ራም ፒካፖች ላይ ሎክአፑ በመካከለኛ ፍጥነት ያለማቋረጥ ይይዛል፣ ይለቃል። ሹፌሩ ካምቢዮው የሞተ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዲናሞው ሆኖ ይገኛል። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት ዳዮዶች ሲደክሙ ያልተጣራ ሞገድ ወደ መስመሩ ያልፋል፤ ሞገዱ በፔዳሉ ሴንሰር መልእክት ላይ ይደርባል፤ ኮምፒውተሩም ሹፌሩ እግሩን በሰከንድ ስንት ጊዜ የሚያነሣና የሚረግጥ ይመስለዋል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ ከባትሪው ጋር ማገናኘት ብቻ ነው፤ ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ዲናሞው ይጠረጠራል። እኛ ጋ ይህን ሲያደርግ ያየሁት መካኒክ ጥቂት ነው፤ መልቲሜትር የሌለው ጋራዥ ግን አላየሁም።

ፎርድም እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከ2011 እስከ 2013 የተሠሩ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ኤፍ-150 ፒካፖችን ለእርማት ጠርቶ ነበር። የመውጫው ዘንግ ፍጥነት መልእክት ለቅጽበት ሲቋረጥ መኪናው በሩጫ ላይ እያለ ወደ አንደኛ ማርሽ ይወርድ ነበር። መኪኖቹ ባለ ቤንዚን ቢሆኑም የዚያው ካምቢዮ ዘር የሆነ ባለ 6 ማርሽ ባለናፍታው ሬንጀር ላይም ተገጥሟል። የተሰጠው መፍትሔ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ማሻሻል ነበር። ካምቢዮ አልተፈታም።

ወደ ጋራዡ ልመለስ። ኮድ ከሌለ ካምቢዮው ራሱ ይጠየቃል፣ ያም ሳይወርድ። መካኒኩ ፍሬን ይዞ ከኤን ወደ ዲ አደረገና ማርሹ ገብቶ መኪናው ውዝወዝ እስኪል ያለውን ጊዜ በስልኩ ለካ። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍት ለዚህ 1.2 ሰከንድ፣ ከኤን ወደ አር ደግሞ 1.5 ሰከንድ ይፈቅዳሉ። ከዚያ ከቆየ ግፊት አንሷል ወይም ክላቹ ተበልቷል። ይሄኛው ቶሎ ገባ። ፍሬን ይዞ ነዳጅን እስከ መጨረሻው የመርገጥ ሙከራም አለ፤ የሞተሩ ዙር ከተወሰነው ካለፈ ክላቹ ይንሸራተታል፣ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ደክሟል ማለት ነው። መካኒኩ ይህን አልወደደውም። ከ5 ሰከንድ ካለፈ ዘይቱ ይጋያል፤ የሚያስፈልግ ነገር እስኪመጣ ይቆይ አለ።

የወደደው ሌላውን ነው። የካምቢዮውን የኤሌክትሪክ ሶኬት ነቀለና በግቢው ውስጥ ማርሹን በእጁ እየቀያየረ ነዳው። ኮምፒውተሩ የለም፤ ሶሌኖይዶቹ አልታዘዙም፤ የሚሠራው ዘይትና ብረት ብቻ ነው። በየትኛው ቦታ የትኛው ማርሽ መግባት እንዳለበት መጽሐፉ ላይ ሰንጠረዥ አለው። የገባው እንደ ሰንጠረዡ ከሆነ ብልሽቱን ከትእዛዙ ወገን መፈለግ ነው፤ ካልሆነ ዘይቱንና ብረቱን። ሠላሳ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ይህ በመቅረቱ ግን ስንት ካምቢዮ በከንቱ ተፈትቷል! የሃይሉክሱ እንደ ሰንጠረዡ ሆነ።

«እንግዲህ ሱሉልታ እንሂድ» አለ።

የነሐሴ ጠዋት ነው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ስንወጣ ጭጋጉ እንጦጦ ላይ ተኝቷል። መካኒኩ ይነዳል፤ ባለቤቱ ከጎኑ ተቀምጠው ስካነሩን ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ማያው ላይ የሚሮጡት ቁጥሮች ብዙ ናቸው፤ መካኒኩ ግን «ጋሼ፣ የውኃውን ብቻ ይንገሩኝ» አላቸው።

ዳገቱ ላይ ውኃው 70 ዲግሪ አካባቢ ነበር። አናቱን አልፈን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ይወርድ ጀመር። 63፣ 60፣ 57። ሜዳው ላይ ስንደርስ 54። መንገዱ ለጥ አለ፤ ፍጥነቱ ወደ 100 ተጠጋ። አምስተኛው የለም። ሞተሩ 2,600 ዙር ላይ ይጮኻል። የዚህ ካምቢዮ አራተኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ አምስተኛው 0.716 ነው። ቢገባ ኖሮ ዙሩ ወደ 1,860 በወረደ። በየኪሎ ሜትሩ ሞተሩ ከሚገባው በላይ 40 በመቶ ያህል ተጨማሪ ይዞራል፣ ያም ሎክአፑን ሳንቆጥር።

መካኒኩ መንገዱን ለቀቀና ቆመ። ከኋላ መድኃኒት የታሸገበት ካርቶን ነበር፤ ባዶውን ለየ፣ ቀደደና ከራዲያተሩ ፊት በግማሽ ልክ አጠፈው። «መለኪያውን እያየን ነው፣ ለሙከራ ብቻ ነው» አለኝ፣ እንዳልጽፈው የፈራ ይመስል። ተነሣን። 58፣ 62፣ 66። ሰባ ሳይሞላ የሞተሩ ዙር መለኪያ መርፌ ዝቅ አለ። አምስተኛው ገብቷል። ትንሽ ቆይቶ መርፌው አንዴ ደግሞ ዝቅ አለ፤ ሎክአፑ ነው። ባለቤቱ ስካነሩን ትተው የፍጥነት ሰሌዳውን ያዩ ጀመር።

በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሞተሩ ውኃ 60 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ማርሽና ሎክአፑን አይፈቅድም። ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጤነኛ ሞተር ይህን በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ ምክንያቱም ቴርሞስታቱ ውኃው 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተሩ አያሳልፈውም። የዚህ ሃይሉክስ ውኃ ግን ጠዋት ከተነሣ ጀምሮ በራዲያተሩ ውስጥ ይሮጣል። ዳገትና በረሃ ላይ ሞተሩ በሥራ ብዛት ስለሚሞቅ አይታወቅም፤ ሱሉልታ ብርድ ላይ፣ ጭነቱ ቀሎ ነፋሱ ሲበረታ ውኃው ይበርዳል፣ ኮምፒውተሩም አምስተኛውን ይከለክላል። ካምቢዮው የታዘዘውን ሠርቷል።

«ቴርሞስታት አለው ይሄ መኪና?» አለ መካኒኩ።

ባለቤቱ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩን አወጡት። ዓባይ ላይ አንዴ ሞቆባቸው ነበር፤ መንገድ ላይ ያገኙት መካኒክ «ይሄ ነው የሚያስቸግርህ» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ በእጃቸው ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ የሙቀት መለኪያው ዝቅ ብሎ ሲያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ቴርሞስታት ማውጣት አገራችን ውስጥ እንደ ጥገና ይቆጠራል፤ ይህ ልማድ ያናድደኛል። ሞተር የሚሞቀው ራዲያተሩ ስለተደፈነ፣ የውኃ ፖምፓው ስለደከመ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለማይዝ ወይም የሲሊንደር ጭንቅላቱ ጓርኒሲዮን ስለተቃጠለ ሊሆን ይችላል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ እነዚህ ሁሉ እዚያው አሉ፤ ምልክታቸው ብቻ ለጊዜው ይደበቃል። ይባስ ብሎ በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ራዲያተሩን የሚያልፈውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ ሲወጣ ያ አቋራጭ ክፍት ስለሚቀር ግማሹ ውኃ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፣ ሞተሩም በከባድ ዳገት ላይ የባሰ ይሞቃል። ቀዝቃዛ ናፍታ ሞተር ደግሞ ነዳጁን አጥርቶ አያቃጥልም፤ ጥላሸቱ የጭስ መመለሻው (ኢጂአሩ) ላይ ይጋገራል። ባለቤቱ ለካምቢዮ የሰበሰቡት ብር ከቴርሞስታቱና ከአንድ የራዲያተር ማጠብ ሒሳብ ብዙ ተርፏል።

ሁሉም እንዲህ በደስታ አያልቅም። ሌላው በናፍታ ፒካፕ ላይ የሚያሳስት ነገር መንቀጥቀጥ ነው። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት፣ ፔዳሉ በቀስታ ተረግጦ፣ መኪናው ኮሮኮንች ላይ የሚሄድ ያህል ይርገፈገፋል። የሎክአፑ ክላች ዘይቱ አርጅቶ እየያዘ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። አንድ ኢንጀክተርም ከሌሎቹ ጋር እኩል አልረጭም ብሎ ሊሆን ይችላል፤ የ3.0 ዲ-4ዲው ኢንጀክተሮች በዚህ ይታማሉ። ሁለቱን ለመለየት ሹፌሩ ነዳጁን ሳይለቅ በግራ እግሩ ፍሬኑን እጅግ በቀስታ መንካት ነው፤ መብራቱ እስኪበራ እንጂ መኪናው እስኪያዝ አይደለም። ፍሬን ሲነካ ኮምፒውተሩ ሎክአፑን ይለቃል። መንቀጥቀጡ በዚያው ቅጽበት ከጠፋ ወደ ኮንቨርተሩ፣ ካልጠፋ ወደ ኢንጀክተሮቹ መሄድ ነው። ባዶ መንገድ ላይ የሚሞከር ነው፤ ከኋላ መኪና ካለ ይቅር። የፍሬን መብራት ስዊቹ ራሱ ተበላሽቶ ሁልጊዜ «ተይዟል» እያለ ከሆነ ደግሞ ሎክአፑ መቼም አይገባም፤ ይህንን የሚያውቀው ከኋላ የሚከተል ሰው ነው፣ መብራቱ አይጠፋምና።

ካምቢዮው በእውነት የሞተም አለ። ዘይቱ ጥቁር፣ ሽታው የሚከረፋ፤ የዘይት ሳህኑ ሲወርድ ማግኔቱ ላይ ብናኝ ብቻ ሳይሆን የሚወጋ ስባሪ ብረት፤ ማርሽ ሲገባ የሞተሩ ዙር ወደ ላይ ተወርውሮ የሚመለስ። የሚገድለው በአብዛኛው ሙቀት ነው። የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ተመችቶት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል የሚለው የባለሙያዎች ስሌት የቆየ ነው። ከዓባይ ድልድይ ሽቅብ፣ ከጭነት መኪና ኋላ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ዲ ላይ ሲሄድ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ይንሸራተታል፣ ካምቢዮውም ሁለተኛና ሦስተኛን ያመላልሳል። ማርሹን በእጅ ሁለተኛ ላይ ይዞ መውጣት፣ ቁልቁለቱንም በዚያው መውረድ ዘይቱንም ፍሬኑንም ያድናል።

በእንዲህ ያለ ካምቢዮ ላይ ዘይት መቀየር አይረዳም። አሮጌ ካምቢዮ «ዘይት ስቀይርለት ሞተ» የሚባለውም ከዚህ ነው፤ ክላቹ አስቀድሞ አልቆ በዘይቱ ውስጥ በተንሳፈፈው ብናኝ እየተደገፈ ይይዝ ነበር፣ ንጹሑ ዘይት ሲገባ መንሸራተቱ ተገለጠ። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ተበስቶ ውኃ የገባበትም እንዲሁ ነው። ዘይቱ ደፍርሶ ሮዝ ይሆናል፤ ውኃው የክላቹን ወረቀት ከብረቱ ያላቅቀዋል፤ ቶሎ ካልተደረሰበት ማጠብ አያድነውም።

ያን ጊዜ ምርጫው ሁለት ነው፤ ማስፈታት ወይም ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ መግዛት። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ሞዴሉን ብቻ አይይ፤ ሶኬቱ፣ የሶሌኖይዶቹ ብዛትና የማርሾቹ ስሌት ካልገጠሙ ኮምፒውተሩ አይቀበለውም፤ ለአንዳንዶቹም ቫልቭ ቦዲው ላይ የተለጠፈው የቁጥር መለያ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለበት። ኮንቨርተሩም ከአሮጌው አይመለስ። ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ ስለ አሮጌው ካምቢዮ የተማረው ይሰረዝና አዲሱን እንዲማር ተረጋግቶ ይነዳ፤ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቢገጭ አይደንግጡ። ከሁሉ የሚረሳው ግን ማቀዝቀዣው ነው። የሞተው ካምቢዮ ያወጣው ብረትና ብናኝ በራዲያተሩ ታች ባለችው ጠባብ ቱቦ ተጠራቅሟል፤ ሳይታጠብ ወይም ሳይቀየር ከተገጠመ አዲስ የተገዛው ካምቢዮ ያንን ሁሉ መልሶ ይጠጣዋል። ከሻጩ ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ የራዲያተሩንም ዋጋ አብረው ይያዙ።